ያቺን ቁራጭ አትጣሏት

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ አንድ ወሬ እየዞረ ነው። የበሽተኛውን የራሱን ሕዋስ አውጥተው፣ አባዝተው፣ መልሰው በደም ሥሩ ይሰጡታል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሆን ደግሞ የቆዳ ካንሰርን ድራሹን ያጠፋዋል ይላል። እኔ ደሴ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ስለዚህ ዘመዱ የታመመበት ሰው ሁሉ ወሬውን ይልክልኝና «እውነት ነው እንዴ?» ይለኛል። ከውጭ አገር የሚደውል አለ፣ ከሐይቅና ከወረኢሉ የሚደውልም አለ።

አዎ፣ እውነት አለው። ግን ወሬው ግማሹን ትቶታል፤ የተተወው ግማሽ ደግሞ በተለይ እኛን ወሎዬዎችን የሚመለከት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የቆዳ ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም። ይህ ሁሉ ወሬ የሚወራለት ሜላኖማ የሚባለው ነው። የሚነሳው ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችንን ፀሐይ የሚያመጣባቸው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ሜላኖማ በነጮች ላይ በብዛት ፀሐይ የመታው ቆዳ ላይ ይወጣል። በእኛ በጥቁሮች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በማያየው ቦታ ነው የሚወጣው፦ የውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ መዳፍ፣ የጥፍር ሥር። «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቦብ ማርሌን አስታውሱት። በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘው ይኸው ዓይነት ሜላኖማ ነበር። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነበር የመሰለው። በ1981 ወደ አንጎሉና ወደ ሌላው አካሉ ተሰራጭቶ በ36 ዓመቱ ሞተ።

እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ኳስ ሳይሆን እሾህ ነው ሰበቡ። ገበሬው በባዶ እግሩ ወይ በኮንጎ ጫማ ሲውል ውስጥ እግሩን የማይወጋው ነገር የለም። እና ጥቁር ነገር ሲወጣበት ማንም አይደነግጥም። እሾህ ገብቶበት ነው ይባላል፣ ኪንታሮት ነው ይባላል፣ ደም ረግቶበት ነው ይባላል።

አንድ የማውቃቸው አባት ነበሩ፣ የኩታበር ሰው። ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነገር ወጣ። ስለማያማቸው ዝም አሉት። እየሰፋ ሲሄድ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው በምላጭ ቆረጠላቸው፣ ቦታውንም በጋለ ብረት ተኮሰው። ተመልሶ መጣ። ከዚያ አንድ የሕክምና ቦታ ሄዱ፣ እዚያም ኪንታሮት ነው ተብሎ በማደንዘዣ ተቆረጠና ቁራጩ ከፋሻና ከጓንት ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ለምርመራ የላከው የለም። ብሽሽታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ እኛ ጋ ናሙና ሲመጣ ነው ሜላኖማ መሆኑ የታወቀው። ያኔ ሥር ሰዷል። ልጃቸው ከውጭ ሆኖ ያንን የሕዋስ ሕክምና ዜና ይልክልኛል፣ እኔ ደግሞ ያቺ ቆሻሻ ውስጥ የገባች ቁራጭ ናት ከፊቴ የማትጠፋው።

ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሁለቱ ሕክምናዎች።

በደማችን ውስጥ ቲ-ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው የተበላሸ ወይም በጀርም የተያዘ ሕዋስ ሲያገኙ መግደል ነው። ካንሰርንም ያውቁታል፣ በተለይ ሜላኖማን። ግን እነዚህ ሕዋሳት ልክ ካጡ የራሳችንን አካል ስለሚበሉ ገላቸው ላይ ማቆሚያ አላቸው። አንዱ ማቆሚያ ሲቲኤልኤ-4 ይባላል፣ ሌላው ፒዲ-1። ካንሰሩ ተንኮለኛ ነው፤ በፒዲ-1 በኩል ይነካቸውና ያስቆማቸዋል፣ አጠገቡ ቆመው ምንም አያደርጉትም። አሜሪካዊው ጀምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ይህን ማቆሚያ መዝጋት እንደሚቻል ስላሳዩ ነው በ2018 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት። ከዚያ ሥራ የወጡት መድኃኒቶች፣ ሲቲኤልኤ-4ን የሚዘጋው ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፒዲ-1ን የሚዘጉት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ።

ከእነዚህ በፊት የተሰራጨ ሜላኖማ ማለት አብዛኛውን ሰው በዓመት ውስጥ የሚወስድ በሽታ ነበር። አሁን ግን ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብን አንድ ላይ የወሰዱ ሰዎች በአንድ ትልቅ ጥናት አሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ከመቶው 43ቱ በሕይወት ነበሩ። ኢፒሊሙማብን ብቻ ከወሰዱት ግን 19 በመቶው። እኔ ትምህርት ላይ በነበርኩበት ጊዜ ሜላኖማ የተሰራጨበት ሰው አሥር ዓመት ይኖራል ብሎ የሚያስተምር አልነበረም። ይህን ቁጥር ሳነብ እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ጉዳቱ ኬሞ (ሕዋስ የሚገድለው የተለመደው የካንሰር መድኃኒት) ከሚያመጣው ይለያል፤ የራስ መከላከያ አንጀትን፣ ጉበትን፣ ሳንባን፣ የእንቅርት ዕጢን ያጠቃል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ፣ ወሎ ላይ ትልቅ መዘዝ አለው።

አሁን ወደ ሕዋሱ ሕክምና።

ስቲቨን ሮዘንበርግ የሚባል ቀዶ ሐኪም አለ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዕድሜውን ሙሉ የሠራ። አንድ ቀላል ሐሳብ ነበረው። ካንሰሩ ዕጢ ውስጥ ሰርስረው የገቡት ቲ-ሴሎች ጠላታቸውን አውቀው ነው የገቡት፤ እዚያ ግን ጥቂት ናቸው፣ ደክመዋል። እነሱን አውጥቶ ውጭ ላይ ቢያበዛቸውስ? በ1988 በ20 ሕሙማን ላይ ሞክሮ በ11ዱ ዕጢው ቀነሰ። ብዙዎቹ ላይ ውጤቱ አልቆየም። ከዚያ በ2002 የእሱ ቡድን አንድ ነገር ጨመረ፦ ሕዋሶቹን ከመስጠት በፊት በኬሞ የሰውየውን ነባር ነጭ የደም ሕዋሳት ጠርጎ ቦታ ማስለቀቅ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የምር የሠራው። ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ አንድ ሐሳብ ላይ ይህን ያህል ዓመት ሲቆይ ማየት ለእኔ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሕክምና በአጭሩ ቲል ይባላል። በየካቲት 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊፊሊውሴል የሚባለውን (የገበያ ስሙ አምታግቪ) ፈቀደ። በደም ካንሰር ላይ የሕዋስ ሕክምና ከዚያ በፊትም ነበር፤ ዕጢ ሆኖ ለሚወጣ ካንሰር የተፈቀደ የመጀመሪያው የቲ-ሴል ሕክምና ግን ይሄ ነው። የተፈቀደው ሌሎቹን መድኃኒቶች ወስደው ለተመለሰባቸው ሰዎች ነው። ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ ዕጢው በግልጽ ቀንሷል። ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ሁሉም መድኃኒት ያቃተው ሰው ላይ ግን ትንሽ አይደለም።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ወሬው ላይ መርፌ የመወጋት ያህል ቀላል አስመስለውታል። መጀመሪያ ሐኪሙ አንድ ዕጢ ቆርጦ ያወጣል፣ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን። ዕጢው ሕዋሱ እንዳይሞት ተጠንቅቆ በፍጥነት ወደ ፋብሪካ ይላካል። እዚያ በሚሊ ሜትር ደረጃ ይከታተፍና ኢንተርሊውኪን-2 የሚባል ሕዋስ የሚያነቃ ነገር ውስጥ ይቀመጣል። ቲ-ሴሎቹ እየወጡ ይራባሉ። 22 ቀን ይፈጃል፤ ከምርመራውና ከጉዞው ጋር ከአንድ ወር በላይ ነው። ሲመለሱ በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ከዚያ በሽተኛው ለአንድ ሳምንት ጠንካራ ኬሞ ይወስዳል፣ ሕዋሱ በደም ሥሩ ይሰጠዋል፣ ቀጥሎ ኢንተርሊውኪን-2 እስከ ስድስት ጊዜ ይደገምለታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ግፊት ያወርዳል፣ ውኃ ከደም ሥር ወጥቶ ሳንባ ላይ እንዲጠራቀም ያደርጋል፣ ትኩሳቱ የሚያንዘፈዝፍ ነው። ልብ፣ ሳንባና ኩላሊት ካልጠነከሩ አይሞከርም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አጠገብ መሆን አለበት።

ታዲያ ይሠራል ወይ? በ2022 የሆላንድና የዴንማርክ ሐኪሞች 168 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ቲል፣ ግማሹን ኢፒሊሙማብ ሰጡ። አብዛኞቹ ቀድሞ የፒዲ-1 መድኃኒት ወስደው ያልሠራላቸው ነበሩ። በቲል 49 በመቶ፣ በኢፒሊሙማብ 21 በመቶ ዕጢው ቀነሰላቸው። በሽታው ሳይብስ የቆየበት ጊዜ መካከለኛው በቲል 7.2 ወር፣ በኢፒሊሙማብ 3.1 ወር ነው። ቲል የወሰደው ሰው ግን አንድም ሳይቀር ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶበታል፣ አብዛኛው ከኬሞውና ከኢንተርሊውኪኑ የመጣ ነው።

እንግዲህ «ሁለቱን አንድ ላይ» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ነው የሚነሳው። ሕዋሱን በቢሊዮን አብዝታችሁ ሰጣችሁ እንበል። ካንሰሩ ጋ ሲደርሱ ያው በፒዲ-1 በኩል ይነካቸዋል፣ ይቆማሉ። ጅጌ ጠርቶ፣ አጫጆቹ ማሳው መሐል ከደረሱ በኋላ እጃቸውን እንደማሰር ነው። ስለዚህ ሕዋሱንም ስጥ፣ መድኃኒቱንም ስጥ፣ እጃቸው ይፈታ ነው ነገሩ።

ለእኔ ግን ከዚህ የበለጠ ያሳመነኝ ሌላ ነገር ነው። የሮዘንበርግ ቡድን የብዙ ዓመት ሕሙማኑን መዝገብ መልሶ አይቶ በ2021 አንድ ነገር አሳተመ። የፒዲ-1 መድኃኒት ወስደው የማያውቁ ሰዎች ላይ ቲል 56 በመቶ ሠርቷል። መድኃኒቱን ወስደው ካቃታቸው በኋላ ወደ ቲል የመጡት ላይ ግን 24 በመቶ ብቻ። ያው ሕክምና ነው፣ ያው ቡድን ነው። ልዩነቱ መቼ ደረሰ የሚለው ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ቲልን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ዕድል ከማድረግ ይልቅ ገና ከመጀመሪያው ከመድኃኒቱ ጋር እንስጠው አሉ። አነስ ያለ ሙከራ ላይ ሊፊሊውሴልና ፔምብሮሊዙማብ አንድ ላይ ከተሰጣቸው ከግማሽ በላይ በሆኑት ዕጢው ቀንሷል። አሁን ቲልቫንስ-301 የሚባል ትልቅ ሙከራ ተጀምሯል፤ 670 ገደማ ሰዎች ይካፈሉበታል ተብሎ የታቀደ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከፔምብሮሊዙማብ ብቻ ጋር የሚያነጻጽር።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልስጥ። ሙከራው ጥሩ ነው፣ ግን ዛሬ አቅም ባለበት አገር ብዙ ሐኪም የሚጀምረው በሁለት መድኃኒት፣ በኢፒሊሙማብና በኒቮሉማብ ነው። አሥር ዓመት 43 በመቶ ያቆየው ሁለቱ አንድ ላይ እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። እና ቲል ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ሆኖ ፔምብሮሊዙማብን ብቻውን ቢያሸንፍ እንኳ ከሁለቱ መድኃኒቶች ይበልጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ሁለተኛው ቅሬታዬ ይበልጥ ያመኛል። በእነዚህ ሙከራዎች የተካፈሉት በአብዛኛው ነጮች ናቸው፣ ሜላኖማቸውም የፀሐዩ ዓይነት ነው። ፀሐይ የመታው ሜላኖማ በውስጡ ብዙ የዘረ-መል ብልሽት ስላለው ቲ-ሴሎች በቀላሉ ይለዩታል። የውስጥ እግሩ ሜላኖማ ብልሽቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ለመከላከያ ሕዋሳት ይደበቃል፣ መድኃኒቶቹም በእሱ ላይ ደከም ይላሉ። በትልልቆቹ ሙከራዎች ውስጥ የተካተቱት የዚህ ዓይነት ሕሙማን ጥቂት ናቸው። የኩታበሩን አባት የሚመስል በሽተኛ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ይህ መቀየር አለበት፣ እኛም ስለራሳችን በሽታ መረጃ ከሌለን ማንም አይቀይርልንም።

መረጃው ደግሞ ከየት ነው የሚመጣው? ከቁራጯ።

ቲል የሚጀምረው ከተቆረጠ ሥጋ ነው። የትኛው መድኃኒት ይሻላል የሚለውም ያለ ናሙና አይታወቅም። ብራፍ የሚባለው የዘረ-መል ለውጥ መኖሩ (ካለ በክኒን የሚታከምበት መንገድ አለ) የሚታየው ከናሙናው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሜላኖማው ጥልቀት የሚለካው ከናሙናው ነው፣ በሚሊ ሜትር። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነና ካልተሰራጨ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አብዛኛውን ሰው ያድናል። ቲል አያስፈልግም፣ ኒቮሉማብ አያስፈልግም፣ ሕንድ መሄድ አያስፈልግም። በምላጭ ተፍቆ በብረት የተተኮሰ ነገር ግን ጥልቀቱ ስንት እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ማስረጃው ተቃጥሏል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር አዲስ ጥቁር ነገር ከወጣና እየሰፋ ከሄደ፣ ጥፍር ላይ ያለ ጥቁር መስመር ወፍሮ ወደ ዙሪያው ቆዳ ከፈሰሰ፣ ወይም የእግር ቁስል ያለ ምክንያት አልድን ካለ (ይህ በሽታ ሁልጊዜ ጥቁር አይሆንም፣ ሮዝ መልክ ያለውም አለ) ማንም በምላጭ እንዳይነካው። ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፣ እሱን የሚከለክል የለም። ምላጩና የጋለው ብረት ብቻ ይቅር። የቆዳ ሐኪም ፈልጉ። ወሎ ውስጥ የት ልሂድ ለሚል ሰው፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከጥንት ከሥጋ ደዌ ሕክምናው ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። እና ከማንኛውም ቦታ ላይ ማንኛውም ነገር ከተቆረጠላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይቺ ቁራጭ የት ነው የምትሄደው?» ብታፍሩም ጠይቁ፣ አባታችሁ ቢቆጧችሁም ጠይቁ። ናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ በሚሆነው ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ተነክሮ ስምና የተቆረጠበት ቦታ ተጽፎበት ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋን በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምረው ክፍል) መላክ አለበት። ውጤቱን ወረቀት ላይ ተቀበሉ፣ ናሙናው በሰም ተሞልቶ የሚቀመጥበት የሰም ብሎክ የት እንደሚቀመጥም እወቁ፤ ሌላ ቦታ ድጋሚ ማስመርመር ሲያስፈልግ እሱ ነው የሚፈለገው። ለቲል ግን ይህ ናሙና አይሆንም፣ ፎርማሊን ሕዋሱን ይገድለዋል፤ እዚያ ሕክምናው ካለበት አገር በሕይወት ያለ ዕጢ ነው የሚቆረጠው።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። አምታግቪ በ2024 ሲፈቀድ አሜሪካ ውስጥ የመነሻ ዋጋው 515,000 ዶላር ነበር፣ የሆስፒታሉን ሳይጨምር። መሬት ሸጦ፣ ዕቁብ አውጥቶ፣ ቴሌግራም ላይ ገንዘብ አሰባስቦ የሚደረስበት አይደለም፣ ማንም «እናስገባላችኋለን» ቢላችሁ ገንዘብ አትስጡ። መድኃኒቶቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ኒቮሉማብን ለሜላኖማ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፣ ፔምብሮሊዙማብንም በምትኩ። ዝርዝር ውስጥ መግባት ደሴ መድረስ ማለት አይደለም፤ ግን አገር ሲጠይቅ የሚይዘው ወረቀት ነው። ሌላም ተስፋ የሰጠኝ ነገር አለ። ሙምባይ ያለው የታታ ሆስፒታል ሐኪሞች በአንገትና በጭንቅላት ካንሰር ላይ ኒቮሉማብን በየሦስት ሳምንቱ 20 ሚሊ ግራም ብቻ፣ ማለትም ከተለመደው በጣም ያነሰ፣ ከሌሎች ርካሽ መድኃኒቶች ጋር ሰጥተው በ2023 ባሳተሙት ጥናት ሰው በሕይወት የሚቆይበትን ጊዜ አራዝመዋል። ሜላኖማ አይደለም፣ ስለዚህ እንዳለ አንወስደውም። ግን ድሃ አገር የራሱን ጥያቄ ራሱ ጠይቆ መልስ ሲያገኝ እንደዚህ ነው።

አሁን ያ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት። ሕንድ ሄደው እነዚህን መድኃኒቶች ወስደው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ኮምቦልቻ ወርደው ቤታቸው ይገባሉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ «አብሽር» ይላቸዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። እኛ አገር ተቅማጥ ማለት አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፤ ሰገራ ይመረመራል፣ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዛል፣ ቢበዛ ሲፕሮ ይጨመራል። እኛ ላቦራቶሪ የምንቀመጥ ሰዎች በወረቀቱ ላይ የሚጻፍልን «ተቅማጥ» ብቻ ነው፤ ካንሰር እንዳለበትና ምን እንደወሰደ አይጻፍም። ያ ተቅማጥ ግን መድኃኒቱ ያነቃቸው የራሱ ሕዋሳት አንጀቱን እያጠቁት ሊሆን ይችላል። በሜትሮኒዳዞል አይድንም፣ ቸል ከተባለ አንጀት ይበሳል። ሕክምናው በቶሎ የሚጀመር ስቴሮይድ፣ ማለትም የራስ መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ከስቴሮይዶቹ አንዱ ፕሬድኒሶሎን ደሴ ውስጥ አለ፣ ዋጋውም አይከብድም። ሳልና ትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ ነው፣ የዓይን ቢጫ መሆንም፣ ከባድ ድካምም። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑን መርምሮ መለየት አለበት፣ እሱ ትክክል ነው፤ ግን መለየት የሚችለው ካወቀ ነው።

ስለዚህ ከሕንድም ይሁን ከሌላ አገር የሚመለስ ሰው የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የወሰደበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይኑር፣ ፎቶውም በልጁ ስልክ ላይ። ካርድ ክፍል ላይ ያሳይ፣ ሐኪሙ ጋ ያሳይ፣ እኛ ጋ ሰገራ ይዞ ሲመጣም ያሳይ። መድኃኒቱን ካቆመ ከወራት በኋላም ይህ ሊመጣ ስለሚችል ወረቀቷን ቶሎ አይጣላት።